አምስተኛው ቦታ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እታለም ናት። ሆስፒታሉ ለነርሶቹ ካደለው ነው፤ ሽፋኑ ላይ «እጅዎን መታጠብ አይርሱ» ተብሎ በትልቁ ታትሞበታል። «ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ስታወራ ትውልና ማታ ለእኔ ሲሆን ቃል ያጥርሃል። እዚህ ላይ ተለማመድ» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ለእሷ አሁንም «ማሙሽ» ነኝ።

እንግዲህ ልለማመድ። እኔና ታላቅ እህቴ የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነርስ ናት፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱት ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፉት። እኔ ደግሞ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ላቦራቶሪ ፕሮግራም እጽፋለሁ።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አይሆንልኝም። ለእሷ ግን እንዲህ ብዬ ነው የነገርኳት፦ የባክቴሪያ ዲኤንኤ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ጽሑፉ ይንተባተባል፤ ያንኑ ቃል አራቴ፣ ሰባቴ፣ አሥሬ ይደጋግማል። ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም ከዘር ዘር ይለያያል። ስለዚህ ስምንት የታወቁ ቦታዎችን መርጠን ድግግሞሹን ከቆጠርን ይህኛው ባክቴሪያ የየትኛው ወገን እንደሆነ እንለያለን። እኔ የሠራሁት የሚቆጥረውን ፕሮግራምና ቁጥሮቹ የሚጠራቀሙበትን ዳታቤዝ ነው። በቤታችን ቋንቋ አንደኛው «ቆጣሪው»፣ ሁለተኛው «ጎተራው» ይባላሉ።

«መንተባተቡን ነው የምትቆጥረው?» አለች።

«አዎ።»

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ?»

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

በጥድፊያ። እታለም ክፍል ውስጥ ሦስት ጨቅላዎች ታመዋል። መጀመሪያ ቆዳቸው ላይ ቁስል፣ ከዚያ ትኩሳት። ናሙናው ወደ እኛ መጣ። አለቃችን ዶክተሯ «ከሌላው ሥራ ሁሉ ይህ ይቅደም» ብለዋል። ምሳ የለም። እታለም እዚያው ልታድር ነው።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

አንድ ነገር ልብ አልኩ። እታለም ጆሮዬን መቆንጠጥ ትታለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳጠፋም ሳለማም ጆሮዬን ቆንጠጥ ማድረግ ልማዷ ነው፤ ተመርቄ ስወጣ እንኳ ከነካባዬ ሰው ፊት ቆንጥጣኛለች። ዛሬ ሳህን ሰበርኩና ጆሮዬን አዘጋጅቼ ቆምኩ። ዝም ብላ መጥረጊያ አመጣች።

በምን አስቀየምኳት? ባለፈው «ሾርባው ጨው በዛበት» ያልኩት ይሆን? የእጅ ቅባቷን ጨርሳ የእኔንም ወስዳለች፤ ዝም ማለቴ ጥሩ ነው። ሽንኩርት እንኳ በጓንት ነው የምትከትፈው። «እጄ ላይ ይሸታል» አለች። ይህን ሁሉ ዘመን ስትከትፍ አልሸተታትም ነበር። ሰው ሲያረጅ ጠባይ ያወጣል።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ጋሽ ጠብታ የሦስቱንም ናሙና አዘጋጅተው ጨረሱ። ስማቸው ይህ አይደለም፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ከቱቦ ወደ ቱቦ ሲያንጠባጥቡ ኖረው እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። «ቀስ ያለ ይደርሳል» ይላሉ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ ይደርሳሉ።

ዲኤንኤውን ያነበብነው ባለን አሮጌ ማሽን ነው። አሮጌው ማሽን ጽሑፉን ወጥ አድርጎ ማንበብ አይችልም፤ በአጭር በአጭር ቁርጥራጭ ያነብና ቆጣሪው ቁርጥራጮቹን ጫፍ ከጫፍ እየገጠመ ይሰፋቸዋል። የሦስቱም ሕፃናት ቁጥር በስምንቱም ቦታ አንድ ሆነ። እንግዲህ ሦስት በሽታ ሳይሆን አንድ በሽታ ነው፤ ከአንድ ቦታ እየወጣ ይተላለፋል። ዶክተሯ ወረቀቱን አይተው «ከየት?» አሉ። ጎተራው ከየት እንደሆነ በራሱ አያውቅም። የሚወዳደር ነገር ሲሰጠው ብቻ ነው «ይህ የዚያ ወገን ነው» የሚለው።

ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ። ሕፃናት ታመው ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው። ደስ ግን ብሎኛል።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ቀስሯል። ሐኪሞቹ ቧንቧውን ይላሉ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ጽዳቱን፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ጠያቂውን። ደረጃው ላይ የክፍሉ ዋና ሐኪም ለአንዱ ሲናገሩ ሰማሁ፦ «ከሠራተኞቹ አንዱ ሆኖ ከተገኘ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ያ ክፍል ሁለተኛ አያየውም።»

እታለም ስለታመሙት ማውራት አትወድም። ስለ አንድ ጤነኛ ሕፃን ግን ከጀመረች አታቆምም። ከሁሉም ያነሰ ስለነበረ «አውራ ጣት» ብላዋለች። «ዛሬ ጣቴን ጨብጦ አልለቅም አለኝ። ይኼ ልጅ አንድ ቀን ሚኒስትር ነው የሚሆነው፤ የያዘውን አይለቅም።» ፊቷ ሲበራ ሳይ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከጫማ ሣጥን በማይበልጥ ልጅ ቀናሁ።

ያለዚያ ክፍል እታለም ምን ትሆናለች? አላገባች፣ አልወለደች። እኔን አሳደገች፤ እኔ ስጨርስ እነሱን ቀጠለች።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ከክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ የእጅና የአፍንጫ ናሙና ተወሰደ፤ ጥጥ ያለበት እንጨት ታድሏቸው እያንዳንዱ ለራሱ ነው የወሰደው። ለእኛ የሚደርሰን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ የማን እንደሆነ ማወቅ አይፈቀድልንም። እታለም ቤት እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ቁጥሬ አሥራ ሁለት ነው» አለች።

«እታለም! አይነገርም እኮ!»

«ለማን ነው የማይነገረው? የሽንት ጨርቅህን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ውጤቱ እስኪመጣ ኃላፊ ነርሶች ቢሮ ተቀምጠው የተራ ፕሮግራም እንዲያወጡ ታዘዋል። «ያለ ልጆቼ ምን ልሠራ ነው? ወንበር ላሞቅ?» ብላ ስትነጫነጭ አመሸች።

ሌላ ዜና፦ አዲሱ ማሽን መጣ። ረጅሙን ጽሑፍ ሳይቆራርጥ ያነባል። የሠራተኞቹ ናሙና የሚነበበው በእሱ ነው። ጋሽ ጠብታ በዙሪያው ሦስቴ ዞረው «ይኼስ የሰው ሥራ አይመስልም» አሉ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

እታለም ያለ ጓንት ሽንኩርት ከተፈች። ክፍሉ ውስጥም አዲስ የታመመ የለም። ሁለቱም ደስ የሚል ዜና ነው።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

የሠራተኞቹ ውጤት ወጣ። አብዛኞቹ ከሕፃናቱ ጋር አይገናኙም፤ በአራትም በአምስትም ቦታ ይለያያሉ። አሥራ ሁለት ቁጥር ግን፣ የእጇ ናሙና፣ ከስምንቱ ቦታ በሰባቱ ቁርጥ ሕፃናቱን ነው። የቀረው አምስተኛው ቦታ ብቻ። እዚያ ሕፃናቱ አራት ናቸው፤ አሥራ ሁለት ቁጥር አሥራ አንድ።

ቆጣሪው «የተለየ» ብሎ ጻፈ። ያን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት።

ዶክተሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «በሁሉም ተመሳስሎ በአንዱ ብቻ ነው የተለየው?»

«ከአራት እስከ አሥራ አንድ ሩቅ ነው፣ ዶክተር። ቁጥሩ በዚህ አጭር ጊዜ ይህን ያህል አይዘልም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«‹የተለየ› የሚያሰኘውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ፈረሙ። ወደ ቤት ስሄድ ኬክ ገዛሁ። ምንም አልነገርኳትም፤ ሚስጥር ሚስጥር ነው። ኬኩን አስቀምጬ ቆምኩ። ኬኩን አየች፣ እኔን አየች። «አንተ ልጅ ቁማር ብትጫወት በአንድ ቀን ባዶ እጅህን ትቀር ነበር» ብላ ትልቁን ቁራጭ ለራሷ አነሳች።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

በቧንቧው ተፈረደበት። የክፍሉን የእጅ መታጠቢያ ገንዳዎች ነቃቅለው አዲስ ተከሉ። የቧንቧ ሠራተኛው «ቧንቧ አፍ ስለሌለው ነው» እያለ በየኮሪደሩ ያጉረመርማል። ሦስቱም ሕፃናት ድነዋል። እታለም ወደ ልጆቿ ተመልሳለች፤ ስትወጣ እየዘፈነች ነበር። ጓንቱም ተመልሷል። ጆሮዬን ግን አሁንም አትነካም። ኬክ የገዛሁላት እኔ አይደለሁም እንዴ!

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ጋሽ ጠብታ አዲሱን ማሽን ሊፈትሹ ከማቀዝቀዣው አንድ የቆየ ናሙና አውጥተው ደግመው አነበቡ። ከሕፃናቱ ጋር የማይገናኝ፣ ድሮ ጎተራው ውስጥ የገባ ነው። ሰባቱ ቦታ እንደነበረ ነው። አምስተኛው ቦታ ጎተራው ውስጥ አራት ይላል፤ አዲሱ ማሽን ዘጠኝ አለ።

የማሽኑ ስህተት ሊሆን ይችላል። አዲስ ነው።

ማታ። ቁጭ ብዬ ጎተራውን ጠየቅኩት። በአሮጌው ማሽን ከተነበቡት ሁሉ ውስጥ አምስተኛው ቦታቸው ከአራት የሚበልጥ ስንት ነው? አንድም የለም። አንድስ እንኳ! ሁለት አለ፣ ሦስት አለ፣ አራት እንደ አሸዋ ነው፤ ከዚያ በላይ ባዶ። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቃል ረጅም ነው። የአሮጌው ማሽን ቁርጥራጭ ከአራት በላይ አይዝም። ከዚያ ካለፈ ቁርጥራጮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ ቆጣሪው አንዱን በሌላው ላይ ይደርባቸውና አራት ብሎ ያልፋል። አምስትም ይሁን ሃያ፣ አራት። አለማወቁን አይናገርም። እንዲህ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የሕፃናቱ ናሙና የተነበበው በአሮጌው ማሽን ነው። ይህን ነገ በተረጋጋ አእምሮ አየዋለሁ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ለዶክተሯ ልነግር ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ስብሰባ ላይ አልነበሩም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሻይ ሲጠጡ አይቻቸዋለሁ። ሳልገባ የተመለስኩት እኔ ነኝ።

ለማንኛውም እርግጠኛ ሳይሆኑ ሰው ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ክፍሉ ውስጥም አዲስ የታመመ የለም። የሕፃናቱ አምስተኛ ቦታ እውነትም አራት ሊሆን ይችላል እኮ። ደግሞ ማንበብ ነው። ለጋሽ ጠብታ መንገር ብቻ ነው። ነገ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

አልነገርኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት እኔን ነው።

እታለም ዛሬ ጓንቷን አውልቃ እጇን ስትቀባ ድንገት ገባሁ። ጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ተሰነጣጥቀዋል፤ አንዱ ይደማል። ቶሎ ብላ ፎጣ ጣል አደረገችበት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን እሆናለሁ! ስገባ መታጠብ፣ ስወጣ መታጠብ፣ ልጅ ስነካ መታጠብ። ድንጋይ ቢሆን አልቆ ነበር። ብርዱም አለ።»

ብርዱ ነው። ክረምት ነው፤ የእኔም ከንፈር ተሰነጣጥቋል።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

አውራ ጣት ታመመ።

እታለም ስትገባ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሾርባ አሞቅኩላት፤ ማንኪያውን ይዛ ቆየችና አስቀመጠችው። «ትኩሳቱ አልወርድ አለ። የሚያህለውን ታውቃለህ? ትኩሳት የሚይዝበት ሰውነት እንኳ የለውም እኮ» አለች። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ማንኳኳት አቃተኝ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ሳላሳጥር ልጻፈው።

ጠዋት ጋሽ ጠብታን የመጀመሪያውን ሕፃን ናሙና በአዲሱ ማሽን እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ፊቴን አይተው ወንበር ሰጡኝ። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። አምስተኛው ቦታ አሥራ አንድ። ስምንቱም ቦታ ከአሥራ ሁለት ቁጥር ጋር አንድ ነው።

ዶክተሯ ዘንድ ገብቼ ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ያለውን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለእህቴ እኔ ልንገራት» አልኩ።

«ቁጥሯን ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«በል ሂድ። አንድ ሰዓት ትቆያለህ፤ ከዚያ ለክፍሉ ሐኪም እኔ እደውላለሁ።»

እታለም ተራዋ ለዛሬ ሌሊት ስለነበረ ቤት ናት። ወጥ ቤት ቁጭ ብላ፣ ጓንት አጥልቃ ድንች ትልጣለች። ከፊቷ ተቀምጬ ነገርኳት። ስለ ቁርጥራጩ፣ ስለ አራት፣ ስለ አሥራ አንድ። ስንት ዓመት ሥራዬን ሳስረዳት ስትቀልድብኝ የኖረች ሴት ዛሬ በአንዴ ነው የገባት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ከእኔ ነው?»

«ከእጅሽ። አዎ።»

«አንተ መቼ አወቅክ?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

ቆጠረች። በጓንቱ ውስጥ ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲታጠፉ አየሁ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሰኞ ላይ ስትደርስ ቆመች። አውራ ጣት ሰኞ ነው የታመመው።

«እኔን ለማዳን ነው?»

«እታለም፣ ያለ ክፍሉ አንቺ . . .»

«እኔ መች አድነኝ አልኩህ?»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ብትመታኝም።

ከዚያ ጓንቷን አወለቀች። ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። እንዲህ ናቸው ብዬ አላሰብኩም። ወይም አስቤ ነበር።

«ከግንቦት ጀምሮ ነው» አለች። «ባሳይ ያስወጡኛል ብዬ ጓንት ውስጥ ከተትኩት። በጓንት ስሠራ ደህና መሰለኝ። ያ ልጅ ግን ጣት ካልያዘ አይተኛም። ጓንቱን አይወደውም፤ ያለቅሳል። አወለቅኩለት። ታጥቤ ነው ያወለቅኩት፣ ማሙሽ። ሁልጊዜ ታጥቤ።»

አለቀሰች። እናታችን የሞተች ጊዜ እንኳ እኔ ፊት አላለቀሰችም።

«አንተ ቁጥር ደበቅክ፣ እኔ እጄን ደበቅኩ» አለች ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። «የእናታችን ልጆች። ስልኩን አምጣ።»

የዶክተሯን አንድ ሰዓት አልጠበቀችም። ለክፍሉ ዋና ሐኪም ራሷ ደወለች። «ከእኔ እጅ ነው። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ፤ ወንድሜ ቆጥሮታል። አውራ . . . አምስተኛው ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ያለውን ልጅ ማታ ማን ይይዘዋል?» ብላ ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ ብቻ ነው ያወራችው። በየስንት ሰዓቱ እንደሚጠባ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ሲከፋው ጀርባውን የት ጋ እንደሚያሹት።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ዶክተሯ በጎተራው ለሚጠቀሙ ላቦራቶሪዎች ሁሉ እንድጽፍ አዘዙኝ። በአሮጌው ማሽን የተነበበና አምስተኛው ቦታው አራት የሆነ ሁሉ «አይታወቅም» ይባላል፤ ጥፋቱም የእኔ መሆኑ ይጻፋል። ጻፍኩ። ከዚያ ቆጣሪውን «አላውቅም» ማለት አስተማርኩት። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው የጠየቀው። ለዶክተሯ አሳየኋቸው።

«ማሽኑማ ቀላል ነው» አሉ። «የቸገርከን አንተ ነህ።»

ሥራዬን አላጣሁም። በጎተራው ውጤት ላይ ግን ለብቻዬ አልፈርምም። ጋሽ ጠብታ ይፈርማሉ፤ ቀስ ብለው።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

እታለም ትናንት ክፍሉ ደጃፍ ላይ ነርሶቹን ሰብስባ እጇን አሳየቻቸው። ከዚያ አንዷ ጓንቷን አወለቀች። ከዚያ ሌላዋ። አራት ሆኑ። ሁሉም የተሰነጠቀ እጃቸውን ደብቀው ኖረዋል። የክፍሉ ሐኪም «ሁለተኛ አያየውም» ያሉትን አልደገሙትም፤ የሁሉንም ናሙና እንደገና አስወስደው ሳሙናው እንዲቀየር አዘዙ። እታለም ሕክምናዋን ጨርሳ እጇ ሲድን፣ ናሙናዋም ሦስት ጊዜ ንጹሕ ሲሆን ትመለሳለች። እስከዚያ ውሃ አትነካም።

ስለዚህ ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ። ከኋላዬ ቆማ ትመራኛለች። «ድስት የሚታጠበው ከውስጥ ነው፣ ማሙሽ፤ ከውጭማ ዝናብም ያጥበዋል።»

ትቀልዳለች። ግን ዓይን ዓይኔን አታየኝም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

አውራ ጣት ትኩሳቱ ወረደ። መድኃኒቱ ያዘለት። እታለም በመስታወቱ በኩል አይታው መጣች። «ከሳ» አለች። «ከዚያ የሚከሳ ነገር ከየት አገኘ?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ያን ረቡዕ የዶክተሯ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ ማድረግ ብቻ ነበር።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የእታለም እጅ ዳነ። ስንጥቁ ሁሉ ገጠመ፤ ቆዳዋ ልስልስ ብሏል። ያለ ጓንት ዳቦ ቆረሰች፣ ሽንኩርት ከተፈች፣ ጥላዬን ሰፋችልኝ። ጆሮዬን ግን አልነካችም። አሁን እጇን አያማትም። እንግዲህ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እሱንም አውቀዋለሁ።

ይቅርታ አልጠየቅኳትም ማለት አይደለም። አምስቴ ጠይቄያለሁ። «እሺ» ትላለች። የእታለም «እሺ» ብዙ ዓይነት ነው፤ ይኼኛው በሩን ቀስ አድርጎ የሚዘጋው ነው።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው ናሙናዋ ዛሬ ተነበበ። እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም፤ በገዛ ፈቃዴ ውጭ ቆሜ ዝናቡን ሳይ ነበር። ጋሽ ጠብታ ወጥተው «ንጹሕ ነው» አሉ። «ሁለቴ አየሁት። ለአንተ ስል ሦስተኛም አየሁት።» እጃቸውን ልስም ስል «ተው! ናሙና የነካ እጅ ነው» ብለው ገፈተሩኝ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

እታለም ተመልሳ ከገባች ሳምንት ሊሞላት ነው። ዛሬ አውራ ጣት ወደ ቤቱ ሄደ። እናቱ ልትሰናበታት ፈልጋ ልጁን እቅፏ ላይ አኖረችላት። እሱም ጣቷን ጨበጠ። ከበሩ እስከ መኪናው ድረስ ጣቷን ሳይለቅ ይዟት ወጣ አለች፤ እናቱ፣ ልጁና እሷ አብረው ዝናብ ላይ ወጡ። ጣቷን ስታስለቅቀው አለቀሰ። «ሚኒስትር ነው ብዬሃለሁ» አለችኝ። ስታወራኝ ዓይኔን እያየች ነበር።

እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር የምሰማት። ዞር ስል ትልቁ ሳህን ከእጄ አመለጠና ተሰበረ። ሆን ብዬ አይደለም። ይህን የምጽፈው እሷ ስለማታምነኝ ነው።

መጥረጊያውን ላመጣ ስንቀሳቀስ «ቁም» አለች። መጥታ ጆሮዬን ያዘችና ከነጆሮዬ እስከ መጥረጊያው ድረስ ጎትታ ወሰደችኝ። እንዲያ አጥብቃ ቆንጥጣኝ አታውቅም። ጣቶቿ ይሞቃሉ። ይኸው እስካሁን ጆሮዬ እሳት ይመስላል፤ በእሱ በኩል ነው የምተኛው።